ሳል የማይሰማው በር

ሹመት የለመደ ሰው በር ሁሉ ለእሱ የሚከፈት ይመስለዋል። ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ልሳነወርቅ ውጭ አገር ለሚካሄድ ባዛር ሲሄዱ አንዲት ሸክላ ሠሪ አስከትለው ነበር። ሴትየዋ ገና እንደደረሰች ሰው ጠይቃ፣ አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበትን የባቡር ካርድ ገዛች። እሳቸውንም "ለእርስዎም ይግዙ" ብትላቸው "እኔ ካርድ ተሸክሜ የምዞር ሰው ነኝ?" ብለው ገላመጧት።

በማግስቱ ባቡር ጣቢያው ሲደርሱ እሷ ካርዷን መግቢያው ላይ ስታስነካ በሩ በራሱ ተከፈተላትና አለፈች። አቶ ልሳነወርቅ ግን በተዘጋው መግቢያ ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሥሪያ ቤታቸው ቢሆን ዘበኛው ይህችን ሳል ሰምቶ እየሮጠ ይከፍት ነበር። በሩ ንቅንቅ አላለም። ደግመው ጠረጉ። ከኋላቸው ያለው ሰልፍ እየረዘመ ሄደ፤ ሰውም ማጉረምረም ጀመረ።

"ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ?" አሉ ላብ እያጠመቃቸው። "ማን እንደሆንኩ ለዘበኛው ንገሪውና ይክፈት። አለዚያ ከእንግዲህ ለአንቺ ባዛር ብሎ ነገር የለም።"

ሴትየዋ ከወዲያ ማዶ ሆና ነጠላዋን አስተካከለች።

"ጌታዬ፣ ይሄ በር 'ማን ነህ' አይልም፤ 'ከፍለሃል ወይ' ብቻ ነው የሚለው። አገር ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቀዎት ስለሌለ፣ መልሱ ቢጠፋዎት አልፈርድብዎትም።"