የአቶ ደባልቄ ጢምና የጣቢያው ቁልፍ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ ቆዩ፣ የዛሬው በረት የላም አይደለም። የሰው በረት ነው፤ መቀርቀሪያውም ከውጭ ነው። ጆሯችሁን ብቻ ስጡኝ።

ሰንበሌጥ በምትባል ትንሽ ከተማ ወይዘሮ ማንጠግቦሽና አቶ ደባልቄ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ደባልቄ ከታመመ ሰነበተ። ሐኪሙም «ቤቱ ይሻለዋል» ብሎ መለሰው፤ ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አይስተውም። ጠላ አላማረው፣ ሥጋ አላማረው፤ የፈለገው አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነው።

«ማንጤ» አላት ሚስቱን፣ «ጢሜ አሳከከኝ። ምንይችል ይምጣና ይላጨኝ። እንዲህ ተንጨፍርሬ ፈጣሪዬ ፊት አልቀርብም።»

«እኔ ልላጭህ፤ ወይ ጎረቤት ልጥራልህ።»

«ይህን ጉንጭ ሌላ እጅ አይነካውም። ልጄ ምላጭ መያዝ የተማረው በኔው ላይ ነው።»

እውነቱን ነው። አንድ ልጃቸው ምንይችል የጸጉር ቤት ሥራ ሲጀምር ማንም ጉንጩን ሊያውሰው አልደፈረም፤ አባቱ ብቻ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን ቀና አደረገለት። ልጁ አገጩ ሥር ቆረጠው። ደሙ ሲወርድ ምንይችል ደንግጦ ሊያለቅስ ሆነ፤ አባቱ ግን ሳቀና «አይዞህ፣ ደም ካለ ሰው አለ» አለው። ጠባሳው እስከ ዛሬ ነበረ።

ግን ምንይችል ከየት ይምጣ! ከሃያ ሦስት ቀን በፊት ጸጉር ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዎች ተደባደቡ። የፖሊስ አዛዡ ምንይችልን «ያየኸውን ትናገራለህ» ብሎ ጣቢያ ወሰደው፤ «እስክመለስ እዚህ ይቆይ» ብሎም ወጣ። በወጣበት ተዛውሮ ሌላ ወረዳ ሄደ። ተደባዳቢዎቹ ታርቀው በግ ከበሉ ሰነበቱ፤ ምስክሩ ግን አሁንም አዛዡን ይጠብቃል።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ጣቢያው ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ሳጅን ጎሹ ነው።

«ጎሹ ልጄ፣ በሩን ክፈትልኝ። ምንይችል ይውጣ፤ ያባቱን ጢም ይላጭ።»

ጎሹ ክፉ ሰው አይደለም። እሱንም የሚላጨው ምንይችል ስለነበር ጢሙ እንደ ባሕታዊ ጢም ወርዷል፤ እስር ቤት ምላጭ አይገባማ! ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ መሬት መሬት አየ።

«እማማ፣ ቁልፉ በእጄ ነው፤ ፊርማው ግን በእጄ አይደለም። ያለ ፊርማ አልከፍትም።»

ጎሹ አልከፍትም አለ፤ ምንይችል አልወጣም፤ የደባልቄ ጢም አደገ።

ማንጠግቦሽ ወደ ውስጥ ዘለቀች፤ ወደ ምክትል አዛዡ ወደ ኢንስፔክተር ዋስይሁን። የአዛዡ ወንበር አቧራ ለብሶ ባዶውን ቆሟል፤ ዋስይሁን አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከወንበሩ ላይ አቧራውን ለመጥረግ እንኳ አይደፍርም።

«ጌታዬ፣ ይፈርሙልኝ። እርስዎ ሲፈርሙ ጎሹ ይክፈት፤ ጎሹ ሲከፍት ምንይችል ይውጣ፤ ያባቱን ጢም ይላጭ።»

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እስክመለስ ይቆይ ያለው አዛዥ ነው። የአዛዥን ቃል የሚያነሳው አዛዥ ነው። እኔ ምክትል ነኝ፤ አዛዥ ሳይሾም አልፈርምም።»

ዋስይሁን አልፈርምም አለ፤ ጎሹ አልከፍትም አለ፤ ምንይችል አልወጣም፤ የደባልቄ ጢም አደገ።

ቤት ስትገባ ደባልቄ ዓይኑን ገለጠ። «መጣ?» አላት። «ሊመጣ ነው» አለችው። ሃምሳ ዓመት አብራው ስትኖር ዋሽታው አታውቅም።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደች። አዛዥ ሊሾም ከዞን የመጣው አቶ ቢያድግልኝ እዚያ ነበር፤ ሦስት እጩዎችም ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በረድፍ ተቀምጠዋል። ፎቶግራፋቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ከእነሱ ሌላ የሚያየው ግን አልተገኘም።

«ጌታዬ፣ አዛዥ ይሹሙልን። አዛዥ ሲሾም ፊርማው ይውረድ፤ ፊርማው ሲወርድ ጎሹ ይክፈት፤ ጎሹ ሲከፍት ምንይችል ይውጣ፤ ያባቱን ጢም ይላጭ።»

«እናቴ፣ ዘመኑ ተለውጧል!» አለ ቢያድግልኝ ደስ ብሎት። «እንደ ድሮው ከላይ አንጥልባችሁም። ምን ዓይነት አዛዥ እንደሚፈልግ ሕዝቡ ራሱ ይነግረናል፤ እኛ መዝግበን እንሾማለን። ግን ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠርቼ ሦስቴም የመጣው የቀበሌው ዘበኛ ነው።»

«እኔ አለሁ፤ እኔ ልናገር።»

«አንድ ሰው ሕዝብ አይሆንም። ሕዝብ ሳይናገር አልሾምም።»

ቢያድግልኝ አልሾምም አለ፤ ዋስይሁን አልፈርምም አለ፤ ጎሹ አልከፍትም አለ፤ ምንይችል አልወጣም፤ የደባልቄ ጢም አደገ።

ሕዝብ ሲፈልጉት የት ይገኛል? ወፍጮ ቤት ነዋ። ማንጠግቦሽ እዚያ ሄደች። ባለ ወፍጮዋ እትዬ የሺመቤት ዱቄት ለብሳ ቆማለች፤ እህል አስፈጪውም በር ድረስ ተሰልፏል።

«ወገኖቼ፣ ነገ ወጥታችሁ ተናገሩልኝ። እናንተ ስትናገሩ ቢያድግልኝ ይሹም፤ አዛዥ ሲሾም ፊርማው ይውረድ፤ ፊርማው ሲወርድ ጎሹ ይክፈት፤ ጎሹ ሲከፍት ምንይችል ይውጣ፤ ያባቱን ጢም ይላጭ።»

ሰው ሁሉ ኩንታሉን አቀፈ። የመለሰችላት የሺመቤት ናት።

«ማንጠግቦሽ እህቴ፣ ያንቺ ነገር አንጀታችንን ይበላዋል። ግን ያን ጊዜ ተሰብሰቡ ሲሉን ወጥተን ውኃ አጣን አልን። ውኃው ቀረ፤ ያጉረመረምነው ሰዎች ስም ግን ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ የእድሩን ጡሩንባ። እሱ ሲነፋ የተኛም ይነሳል፤ የተኳረፈም ይመጣል። እሱ ካልተነፋ አንወጣም።»

ሕዝቡ አንወጣም አለ፤ ቢያድግልኝ አልሾምም አለ፤ ዋስይሁን አልፈርምም አለ፤ ጎሹ አልከፍትም አለ፤ ምንይችል አልወጣም፤ የደባልቄ ጢም አደገ።

«መጣ?» አላት ደባልቄ። ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎ ነበር። «መንገድ ላይ ነው» አለችው። የመጀመሪያው ውሸት ቢያንቃትም ሁለተኛው ቀለል ብሎ ወጣላት፤ እሷም ይህን ታዝባ በራሷ አዘነች።

በሦስተኛው ቀን ሲመሻሽ ጡሩንባ ነፊው ጋሽ ንጋቱ ቤት ደረሰች። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጡሩንባውን በጨርቅ ይወለውላል። እሷን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ቤቷ በሽተኛ እንዳለ ያውቃልና።

«አረፈ እንዴ?» አላት።

«ኧረ አለ። ጋሼ ንጋቱ፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ፤ ጡሩንባውን ይንፉልኝ። ጡሩንባው ሲነፋ ሕዝቡ ይውጣ፤ ሕዝቡ ሲናገር ቢያድግልኝ ይሹም፤ አዛዥ ሲሾም ፊርማው ይውረድ፤ ፊርማው ሲወርድ ጎሹ ይክፈት፤ ጎሹ ሲከፍት ምንይችል ይውጣ፤ ያባቱን ጢም ይላጭ።»

ንጋቱ ጡሩንባውን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቀፈ።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ የሰው አዝመራ ሲቃጠል አይቼ ነፋሁት። አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ መጣ፤ ሬሳ የለም። እሳቱን ትቶ እኔን ከበበኝ። ሦስት ወር ጡሩንባዬን ነጠቁኝ። 'ሞት ሳይኖር አትንፋ' ብለውም በመስቀል አስማሉኝ። ሞት ሳይኖር አልነፋም።»

ንጋቱ አልነፋም አለ፤ ሕዝቡ አንወጣም አለ፤ ቢያድግልኝ አልሾምም አለ፤ ዋስይሁን አልፈርምም አለ፤ ጎሹ አልከፍትም አለ፤ ምንይችል አልወጣም፤ የደባልቄ ጢም አደገ።

ማንጠግቦሽ እንደ ልማዷ ወደሚቀጥለው ልትሄድ ተነሳች፤ ከዚያ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከንጋቱ ቀጥሎ የሚለመነው አንድ ብቻ ነው። እሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም፤ ቤቷ ገብቶ ባሏ ራስጌ ተቀምጧል። ሦስት ቀን ሙሉ ስትለምን የዋለችው፣ ለካ መጨረሻው እሱ ጋ የሚያደርስ ልመና ነበር። ያን ጊዜ ፈራች። «ይቅርብኝ፤ በሩ አይከፈት፤ ማንም አይፈርም፤ ጡሩንባውም ዲዳ ይሁን» እያለች ወደ ቤቷ ሮጠች።

«መጣ?» አላት ደባልቄ።

«በር ላይ ነው።»

ጢሙን በመዳፉ ዳሰሰ። «እንግዲህ ይፍጠን» አለ። ሌላ አልተናገረም። ጎህ ሲቀድ እጁ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ሞት ንጋቱን ቀሰቀሰ፤ ንጋቱ ጡሩንባውን ነፋ፤ ጡሩንባው ሕዝቡን ጠራ። ያ አልወጣም ያለ ሕዝብ ነጠላውን አዘቅዝቆ ጎረፈ። ድንኳን ተተከለ፤ አግዳሚ ተደረደረ፤ ፀሐይ ሳትሞቅ መቆሚያ ጠፋ።

ቢያድግልኝ የሌላ አገር ሰው ነው፤ የጡሩንባውን ልማድ አያውቅም። ከተኛበት ሆኖ ሲሰማ «በመጨረሻ ስብሰባው ተጠራ!» ብሎ መዝገቡን ይዞ፣ ሦስቱን እጩዎች አስከትሎ መጣ። ድንኳኑ ሞልቶ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» አለ ለጸሐፊው፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

የሺመቤት ጠጋ ብላ ለቅሶ መሆኑን በጆሮው ነገረችው። መዝገቡን ከጀርባው ደብቆ ሊወጣ ሲል ማንጠግቦሽ ከለቀስተኛው መሐል ተነሳች።

«አይሂዱ። ሕዝብ ይናገር ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ሕዝብ። ባሌ ነው የጠራልዎ።»

ቢያድግልኝ ኮፍያውን አወለቀ። «ምን ዓይነት አዛዥ ትፈልጋላችሁ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ማንም ይሁን» አለች ማንጠግቦሽ። «ብቻ እስክመለስ ብሎ ሲሄድ፣ ባይመለስ ማን በሩን እንደሚከፍት ተናግሮ የሚሄድ ይሁን።»

«የተናገረን ሰው ስም ጽፎ የማይዝ ይሁን» አለች የሺመቤት።

«ለቅሶ የሚደርስ ይሁን» አለ ጋሽ ንጋቱ።

ይህን ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እጩዎቹን አየ። ሁለቱ ጫማቸው አቧራ እንዳይነካው ድንኳኑ ደጃፍ ቆመዋል። ሦስተኛው ኮማንደር አስናቀ ግን ገና ሲገባ ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ከኋላ፣ መሬት ላይ ተቀምጧል። ማንም እጅ አላወጣም፤ ማንም አላጨበጨበም። «ይኸው ነው» አለ ሕዝቡ፤ ቢያድግልኝም እዚያው ጻፈ።

ሞት ንጋቱን ቀሰቀሰ፤ ንጋቱ ጡሩንባውን ነፋ፤ ጡሩንባው ሕዝቡን ጠራ፤ ሕዝቡ ተናገረ፤ ቢያድግልኝ ሾመ፤ አስናቀ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ፈረመ፤ ዋስይሁን ወረቀቱን ይዞ ሮጠ፤ ጎሹ ከፈተ። ሃያ ስድስት ቀን የተዘጋ በር ሲከፈት አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ አልፈጀም።

ምንይችል ጠዋት ጡሩንባውን ሰምቶ «ማን ይሆን?» ብሎ ነበር። ጎሹ የሚያውቀውን ሊነግረው አፉ አልታዘዘለትም፤ «ምላጭህን ከሱቅህ ይዘህ ሂድ» ብቻ አለው። ምንይችልም ምላጩን ይዞ፣ አባቱ ጢሙን ሊላጭ ነው ብሎ እየፈጠነ መጣ። ድንኳኑን ያየው የገዛ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ነው።

ገናዦቹ ጥቂት እንዲታገሡ ተለመኑ። ማንጠግቦሽ ለብ ያለ ውኃ አቀረበች። ምንይችል ሳሙናውን በብሩሽ መትቶ አረፋውን ቀባ፤ ጉንጩን ወጥሮ ላጨ፤ ከከንፈሩ በላይ ላጨ፤ እንደ ድሮው አንገቱን ቀና አድርጎ አገጩ ሥር ገባ። እዚያ ጠባሳው ጋ ሲደርስ እንደገና ቆረጠው።

ጣቱን በቁስሉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እናቱም አጠገቡ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ደም አልወጣም።

ያን ጊዜ ነው ምንይችል የጮኸው። ጩኸቱ ድንኳኑን አልፎ ወፍጮ ቤቱ ድረስ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ ጣቢያው ድረስ ተሰማ። ደባልቄ ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ፊቱ ጠርቶ፣ እንዳማረው ሄደ።

እኔም ተረቴን መልሱልኝ አልልም፤ ዳቦውንም ለለቀስተኛው ስጡት።