በጅራት የጸደቀው መንገድ

በቆላው ጫፍ የሚኖሩ ከርከሮዎች ጉድጓዳቸውን ያጡት ለመንገድ ሲባል ነው። መንገዱ አልተሠራም።

ያ ሜዳ ከአንበሳው መቀመጫ የስድስት ቀን ጉዞ ይርቃል። በግዛቱ አንበሳ ይገዛል፣ ጅብ ያቅዳል፣ ጦጣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ሌላው ይሰበሰባል። ወደ ወንዙ የምትወስድ አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች። ሁለት ከርከሮዎች ሲገናኙባት አንዱ ወደ ሣሩ ገባ ብሎ ሌላውን ያሳልፋል። በዚህ የተጣላ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ጅብ መጣና ከጅራቱ ሥር የሚወጣውን ግም ቅባት በየሣሩ ላይ እየለቀለቀ መስመር አወጣ። ችካል ነው ተባለ። ጎራዴ የሚሉት ከርከሮ ብቅ ሲል ደጁ በሙሉ ተለቅልቋል። ውስጥ ሚስቱ አራት ልጆች ታቅፋ ተኝታለች፤ ከተወለዱ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ጎራዴ ራሱ ያለ ጉድጓድ ያደገ ነው። ወንድሞቹ እንዴት እንዳለቁ ለማንም አይናገርም። ጨቅላ ያለ ጉድጓድ ዝናብ እንደማይችል ግን ያውቃል።

አንበሳው በተገኘበት ጉባኤ ተጠራ።

«መንገዱ ስምንት ዝሆን ጎን ለጎን እንዲያስኬድ ይሰፋል» አለ ጅብ። በአፍንጫው የጎራዴን ጉድጓድ አመለከተ። «እዚህ ጋ ማሳለጫ ይሆናል።»

«አያ ጅቦ፣ ማሳለጫ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አንዲት አሮጊት ከርከሮ።

«መንገዶች ሳይጋጩ የሚተላለፉበት ነው፣ እማማ።»

«ያለን እኮ አንድ መንገድ ነው።»

«ሌሎቹ ወደፊት ይመጣሉ።»

«ዝሆኑስ?»

«እሱም ወደፊት ነው።»

«እኛስ ወደፊት አለን?» አለ ከኋላ አንዱ። ተሳቀ። ጅብም አብሮ ሳቀ።

ጎራዴ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ልጆቼ ገና ጨቅሎች ናቸው። ዝናቡ እስኪያልፍ ብቻ...»

«ሐሳቡ ተሰምቷል» አለ ጅብ። «መንገዱን የሚደግፍ ጅራቱን ያንሣ።»

አንድም ጅራት አልተነሣም። ጅብ አንበሳውን አየው። አንበሳው አገሣ።

ከርከሮ ሲሮጥ ጅራቱ እንደ ዘንግ ይቆማል፤ አፈጣጠሩ ነው። ሜዳው በቆመ ጅራት ተሞላ። ጎራዴም ሮጠ። ቁጥቋጦ ሥር ደርሶ ዞር ሲል የራሱ ጅራት ከሁሉም በላይ ቀጥ ብሏል። ሊያወርደው ታገለ፤ እምቢ አለው። ነክሶ ቢጥለው ደስ ባለው ነበር።

ሲመለስ ጦጣው «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጽፎ ጨርሷል።

«ወንድሜ፣ ፈርቼ ነው እንጂ ደግፌ አይደለም!»

«ይገባኛል ጋሼ» አለ ጦጣው በትሕትና። «በፍርሃት የተነሣ ጅራት ለብቻው የሚጻፍበት ቦታ ግን የለኝም።»

በማግስቱ ከጉድጓዳቸው ወጡ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ አራት ቀን አላባራም።

ክረምቱ ሲወጣ ጎራዴ ቦታውን ሊያይ ሄደ። በመስመሩ ላይ ሣር በቅሏል፤ የዝሆን ኮቴ የለም። ጅብ ከጎራዴ ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድሞ አጥንት ይግጣል። ከውስጥ የጅቡ ልጆች ይንጫጫሉ።

«መንገዱስ?» አለው ጎራዴ።

«ጥናቱ እየተከለሰ ነው» አለ ጅብ አጥንቱን ሳይለቅ። «እኛ ሳይቱን እየጠበቅን ነው።»

ከጉድጓዱ የጅብ ግማት ይወጣል። ጎራዴ ወደ ሚስቱ ተመለሰ።

ከአራቱ ልጆች የቀረችው አንዷ ናት።