ሲደርስ የቀዘቀዘው አቮካዶ

አንድ ጊዜ እመት አህዪት ዓመት ሙሉ ውኃ እየተሸከመች ያሳደገችው አቮካዶ ደረሰላት። ወደብ ላይ ሆኖ ለባሕር ማዶ አራዊት ፍሬ የሚገዛው ዝሆን፣ «ጤነኛ ሆኖ ከደረሰኝ በየዓመቱ ካንቺ እገዛለሁ፤ ከተበላሸ ግን ደጄን እንዳትረግጪ» ብሏታል። ስለዚህ በማለዳ ለቀመች፣ ጥላ ሥር አቆየች፣ በሣጥን ደርድራ ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ጫነች።

ሾፌሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ጅቦ! ረዳቱስ? ቀበሮ! ይህን ሥራ ለእነዚህ የሰጠው ማን እንደሆነ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

«አያ ጅቦ፣ አደራህን! እስከ ወደቡ ድረስ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ» አለች አህያ።

«በእናቴ ሞት!» አለ ጅብ።

ይህ ከርሳም ግን ከሣጥኖቹ ኋላ አንድ የበሬ ታፋ ደብቆ ጭኗል። መንገድ ላይ ወርዶ ቢያሸተው ምንም አይሸትም።

«ሽታ የሌለው ሥጋ ምኑን ሥጋ ሆነ!» ብሎ ማቀዝቀዣውን አጠፋው።

«አቮካዶውስ?» አለች ቀበሮ። ለአቮካዶው አዝና እንዳይመስላችሁ።

«እሱ ቅጠል ነው፤ ምን ይሆናል?»

«እንግዲያው ወደቡ ስንቃረብ እናስነሳዋለን። ዝሆን በሩን ሲከፍት ብርድ ከመታው፣ መንገዱን ሙሉ በርዶ የመጣ ይመስለዋል።»

ሁለት ቀን በቆላ ፀሐይ ተጓዙ።

ወደቡ ሲቃረቡም ማቀዝቀዣውን አስነሡ። ዝሆን በሩን ሲከፍት ብርድ መታው፤ አንዱን ፍሬ ቢሰነጥቀው ግን ውስጡ ጠቁሯል። ሌላውን ቢሰነጥቅ ያው ነው። ጭነቱን በሙሉ ገደል አስደፋና ለአህያ «ሁለተኛ እንዳትልኪ» የሚል መልእክት ሰደደባት።

አህያ አንበሳ ችሎት ቀርባ ሁለቱን ከሰሰች።

ቀበሮ እጅ ነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ጭነቱ ሲደርስ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዝሆን ራሱ ይመስክር። ጥፋቱ የፍሬው ነው» አለች።

አንበሳም «ቀዝቃዛ ከነበረማ...» ብሎ ሊፈርድላት ተቃረበ።

የአህያ ደም ፈላ። «ጌታዬ፣ ፍርዱን ሦስት ቀን ያቆዩልኝና ምሳ ልጋብዝዎ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሥጋ በሳህን አቀረበችለት። አንበሳ ገና ሳይቀምሰው አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው ይህ ግማት?»

«ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ዛሬ ጠዋት ማቀዝቀዣ የገባ ሥጋ ነው። ይንኩት እንጂ ጌታዬ፤ ቀዝቃዛ ነው!»

አንበሳ ችሎቱ እስኪናወጥ አገሳ። ጅብና ቀበሮ ዳግመኛ መኪና እንዳይነኩ፣ ወደቡ ድረስም በእግራቸው ሄደው ጥፋታቸውን ለዝሆን እንዲናገሩ ፈረደባቸው። ዝሆንም ለአህያ አንድ ጭነት ብቻ እንድትሞክር ፈቀደላት። የዓመት ልፋቷ ግን ገደል ውስጥ በስብሶ ቀረ፤ እሱን የሚመልስ ዳኛ የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ፍሬም ሆነ አደራ የሚጠበቀው መንገዱን ሙሉ እንጂ ተረካቢው ደጅ ሲደርሱ ብቻ እንዳልሆነ ነው።