ከምስጋናው ገጽ የቀረው ስም

በልጅነቴ የምኖረው በከተማችን ማገዶ እየተሸከምኩ ነበር። ያንን ዘመን ጻፍኩና በራሴ ወጪ አሳተምኩት፤ መጽሐፉን የማስመርቅበት አዳራሽ ግን አጣሁ። በመጨረሻ ባለሆቴሉ አቶ ዳምጠው አዳራሻቸውን በነጻ ፈቀዱልኝ፤ የክብር እንግዳም ሆኑ።

በምረቃው ቀን መጽሐፉን ተቀብለው የገለጡት የምስጋናውን ገጽ ብቻ ነበር። ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ከላይ እስከ ታች አወረዱና ማይኩን አነሡ።

«አንተ! ጠላ ሻጯ እንኳ ተመስግናለች። እኔስ? ሲርብህ ደጄ ላይ አልነበር የምትቆመው? ውለታዬን አሁኑኑ በሰው ፊት ተናገር፤ አለዚያ እንግዶችህን ይዘህ ውጣልኝ!»

እኔም ማይኩን ተቀበልኳቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎማ መጽሐፉ ውስጥ አሉ። ገጽ አርባ ላይ፣ ቁራሽ ልለምን በር ሳንኳኳ ውሻ የለቀቀብኝ ሰውዬ እርስዎ ነዎት። ምስጋናዬ እዚያ ገጽ ላይ ስምዎን መተዌ ነበር። ካነሰብዎት በሁለተኛው እትም ከነአባትዎ እጽፈዋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ገጽ አርባን ይገልጥ ጀመር። አቶ ዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በቂ ነው፣ ፕሮግራሙ ይቀጥል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት መጻሕፍት አስመርቄያለሁ። አዳራሹ ሁሌም በነጻ ነው።