ለጠበቃዋ የተገባው እቁብ

አንድ ሰውዬ ነበር። በአንድ ከተማ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ተሸካሚ ነበር። አንድ ቀን ከተደረደረው የጥጥ እስር አንዱ ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ወገቡ ግን አልዳነም። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው በክራንች ነው።

ይህን ሰው ሽብሩ እንበለው። ሽብሩ የጉዳት ጡረታ እንዲወሰንለት ወዲያው አመለከተ። የጡረታ ቢሮው አየና፣ «መጎዳቱንስ ተጎድተዋል፤ ጉዳቱ ሥራ ላይ እያሉ መድረሱን ግን አላስረዱም» ብሎ መለሰው። ይግባኝ ማለት ይችላሉ ተባለ። ይግባኝ! እናንተዬ፣ ጥጥ ሲሸከም የኖረ ሰው ይግባኝን ከየት ያውቀዋል? ደግነቱ የጡረታ ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ጠበቃ በከተማው ነበሩ። ወይዘሮ ሶስና ይባላሉ። ቢሯቸው ከገበያው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

ታዲያ ሄደ? አልሄደም። ለምን አልሄደም? «ባዶ እጄን ጠበቃ ፊት ቀርቤ ምን ልል ነው?» አለ። ታውቁት የለም ወጋችንን? የታመመ ለመጠየቅ እንኳ አንድ ነገር ሳንይዝ በር አናንኳኳም።

ስለዚህ እቁብ ገባ። ሚስቱ አስካለ ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፤ ከዚያችው ላይ እየቆነጠረ እቁቡን ይጥላል። «ይሄ የጠበቃ ነው፣ እንዳትነኩት!» ይላል። ወጣለት። በዚያው ሰሞን ልጃቸው ትርሲት ታመመች፤ ገንዘቡ ሐኪም ቤት ገባ። እንደገና እቁብ ገባ። ወጣለት። አከራይዋ ኪራይ ጨመረች፤ ገንዘቡ እሷ ጋ ገባ። እንደገና እቁብ ገባ! ዓመት ዓመትን ወለደ። እሱ ቤቱ ተቀምጦ ለጠበቃ ይቆጥባል፤ ጠበቃዋ ቢሯቸው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አንዲት ዳገት ብቻ ነበረች።

በኋላ አከራይዋ መጣች። «ሦስት ወር ታገስኩ፤ ከዚህ በላይ አልችልም፣ ልቀቁልኝ» አለች። ቤቱ ከተለቀቀ ትርሲት ትምህርቷን አቋርጣ ገጠር አክስቷ ጋ ልትሄድ ነው። ሽብሩ ቀና ብሎ ልጁን ማየት አቃተው።

አስካለ ግን ነጠላዋን አነሳች። «ተነስ፣ ጠበቃዋ ጋ እንሄዳለን።»

«በምን?»

«በእግራችን።»

«አንቺ ሴት፣ እቁቡ እኮ ገና አልወጣም! ምን ይሉናል?»

«ከቤት ልንወጣ ነው፤ አንተ ምን ይሉናል ትላለህ?»

ሄዱ። ዳገቱን እያረፈ ወጣው። ወይዘሮ ሶስና ወንበር ሰጡት፤ እሱ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ስለ ወገቡ ከመናገሩ በፊት ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። «እመቤቴ፣ ለጊዜው በእጄ ምንም የለም። እቁብ እየጣልኩ ነው፣ ሲወጣልኝ...»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አቶ ሽብሩ፣ ማን ገንዘብ ጠየቀዎት?»

ሽብሩ ክራንቹን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። እሳቸው ቀጠሉ።

«እንዲህ ላለ ጉዳይ ቅድሚያ አልቀበልም። ካሸነፍን፣ ከሚከፈልዎት ውዝፍ ላይ ድርሻዬን አነሳለሁ። ከተሸነፍን ምንም የለብዎትም። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዳይመጡ ማን ከለከለዎት?»

ማን ከለከለው? ማንም! አንድም ቀን መጥቶ አልጠየቀም። በራሱ ተናደደ፣ ደስም አለው፣ ፈራም። «ያለፈው ዘመንስ? ቀለጠ ማለት ነው?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ይግባኙ ዘግይቷል፤ በሕመምዎ ምክንያት እንዲፈቀድ እንጠይቃለን። ከተፈቀደ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጀምሮ ነው የሚታሰበው። እስቲ እንሞክር።»

ይግባኙ ተፈቀደ። ጠበቃዋ በአደጋው ቀን ጥጡን ከላዩ ያነሱለትን ባልደረቦቹን አፈላልገው አመጡ። መሰከሩለት። ውሳኔው ሲነበብ ሽብሩ ግማሹን አልገባውም፤ «ካመለከተበት ቀን ጀምሮ» የሚለውን ሲሰማ ግን እንደ ልጅ አለቀሰ። አስካለ እልልታዋን አቀለጠችው። ዘበኛው «ኧረ እናቴ፣ መሥሪያ ቤት ነው!» ቢል ማን ሊሰማው!

ኪራዩ ተከፈለ። ትርሲት ከትምህርቷ ሳትለይ ቀረች። ጠበቃዋም ድርሻቸውን አነሱ። ጎረቤት መቼም አያርፍም፣ «ይሄን ሁሉ ወሰደችባችሁ?» አለ አንዱ። አስካለ ሳቀች። «ከምናችን ላይ? ምን ነበረንና!» አለችው።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ለእግዚአብሔር እቁብ የገባችሁ ስንት ናችሁ? «መጠጡን ልተውና እመጣለሁ።» «ከእህቴ ጋር ልታረቅና እመጣለሁ።» «ትንሽ ሰው ልሁንና እመጣለሁ።» ትንሽ ታጠራቅማላችሁ፤ አንድ ክፉ ሳምንት ይመጣና ይበላባችኋል። እንደገና ትጀምራላችሁ። እስኪ ንገሩኝ፣ ማን ጠየቃችሁ? እንዲህ ሆናችሁ ካልመጣችሁ አልቀበላችሁም ያላችሁ ማን ነው?

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያጥረኛል። ወይዘሮ ሶስና ደግ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም ድርሻ አላቸው፣ ደግሞም ይገባቸዋል። በአብ ፊት ስለ እኛ የቆመው ጌታ ግን ከእናንተ የሚያነሳው ድርሻ የለም። የሚከፈለውን እሱ ራሱ ከፍሎታል። ባከነ ያላችሁትን ዘመን፣ ያን የምታፍሩበትን ዘመን፣ ለእሱ ንገሩት። «ያለፈውስ?» ብላችሁ በቀጭን ድምፅም ቢሆን ጠይቁት። አይቆጣችሁም።

አንተ በሩ አጠገብ የቆምከው፣ ግባ። አንቺም እህቴ፣ ዛሬ ለመምጣት እንኳ ያፈርሽው፣ ቅረቢ። ምን ይዘን እንምጣ ትሉኛላችሁ? የተሰበረውን ይዛችሁ ኑ።