ስኳሩ በየት ገባ?

ሐርቡ ከተማ ውስጥ ትንሹን ነገር ተጠንቅቆ ትልቁን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ሰው ሲገኝ፣ ጣል የሚደረግበት አንድ አጭር ተረት አለ። ከጥንት አበው የወረደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የምን አበው፤ ተረቱ የወጣው ከጋሽ ይርዳው ምሳ ነው።

ጋሽ ይርዳው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በኬላ ፈታሽነት ነው። ከሽንኩርት ጆንያ ሥር የተሸሸገ ሲጋራ፣ በትርፍ ጎማ ውስጥ የተጠቀጠቀ ልባሽ ጨርቅ፣ ምኑ ቅጡ፤ ከእሳቸው ዓይን ያመለጠ ኮንትሮባንድ የለም ይባላል። ጡረታ ወጥተው አረፍ አልኩ ሲሉ ግን የእግር ጣታቸው ላይ ቁስል ወጣና አልድን አለ። ጤና ጣቢያ ሄደው ቢመረመሩ ስኳር አለብዎ ተባሉ። ነርሷ ኪኒናውን ሰጥታ፣ ስለ ምግቡ ልታስረዳቸው ወንበር ሳብ አድርጋ ስትቀመጥ፣ እሳቸው ኮፍያቸውን አንስተዋል።

“ገባኝ ልጄ፤ ስኳር አልቀምስም።”

“አባባ፣ ነገሩ እኮ ስኳር ብቻ…”

“አልቀምስም አልኩሽ፤ በቃ” ብለው ወጡ።

ቃላቸውን ግን ጠብቀዋል፤ ይህን ማንም አይክዳቸውም። ቤት የነበረውን ስኳር ለጎረቤት አደሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ “የኔን ያለ ስኳር” የሚሉት መንገደኛው እንዲሰማ ጭምር ነው። ፊታቸውን አጨማደው ይጠጡና፣ ስኳር የሚያማስለውን ሰው ሁሉ በሐዘኔታ ያዩታል። ጾም እንደያዘ መነኩሴ ኮሩብን፣ ይል ነበር የሰፈሩ ሰው።

ሆኖም ተመልሰው ቢለኩ ስኳሩ አልወረደም፤ እንዲያውም ብሷል። ቁስሉም ጠቆረ። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠለ ጣቱ መቆረጡ አይቀርም ብሎ እቅጩን ነገራቸው።

ፈሩ። ከፍርሃቱ እኩል ደግሞ ነገሩ ከነከናቸው። ስኳር ካልቀመሱ ስኳር ከየት ይመጣል? በአንድ በኩል ሾልኮ እየገባ ነው ማለት ነው። የድሮ ሙያቸው ተነሳባቸው። ጨው ቀመሱ፤ በርበሬ ላሱ፤ የውኃውን ጀሪካን አሸተቱ። ምንም የለም። በመጨረሻ ፍተሻው ከሚስታቸው ደረሰ።

“ዘርፌ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ወጡ ላይ ስኳር ትጨምሪያለሽ?”

ወይዘሮ ዘርፌ ማማሰያውን እንደያዙ ዞሩ። “ወጥ ላይ ስኳር? አንተ ሰውዬ፣ ለየልህ እንዴ?”

“አዝነሽልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።”

“ካዘንኩልህስ እስከ ዛሬ ነው” አሉና ጀርባቸውን ሰጧቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ምሳ ይቀርባል እንጂ ጨዋታ የለም።

ይህን ሰምተው ሐጂ ሙሄ መጡ። በኬላው አብረው ያረጁ ባልደረባቸው ናቸው። የጋሽ ይርዳው ልጅ ከደሴ የላከላቸውን፣ ጣት ወግታ ስኳር የምትለካ መሣሪያ አስወጥተው ተመለከቷት።

“ይርዳው፣ ሰው ከመጠርጠር በፊት ጭነት ይታያል። ከመብላትህ በፊትም በኋላም እንለካ። መቼ እንደሚገባ ካወቅን፣ በየት እንደገባ አይጠፋንም።”

ጠዋት ከሻዩ በፊትና በኋላ ለኩ፤ ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። “ሻዩ ነፃ ነው፤ ይለፍ” አሉ ሐጂ። ምሳ ቀረበ። ዕለቱ ረቡዕ ስለሆነ ገበታው የጾም ነው፤ ሥጋ የለበትምና ሐጂም ከአንድ ትሪ መቁረስ አይቸግራቸውም። በእንጀራው ላይ ድንች ወጥ፣ ከድንቹ ጎን መኮሮኒ፣ ከዳር ዳቦ። ጭብጥ የማትሞላ ጎመን ጥግ ይዛለች፤ እሷንም ጋሽ ይርዳው ወደ ሐጂ ገፋ አደረጓት።

“አንተ ብላት፤ ለኔ ጠብ አትልም።”

እንጀራ ተጨመረ። ያም አለቀና ደግሞ ተጨመረ። ሐጂ እጃቸውን ሰብስበው ማየት ጀመሩ።

“ምን ታያለህ ሙሄ?”

“እየፈተሽኩ ነው፤ አንተ ብላ።”

ምሳው ሲያበቃ ጋሽ ይርዳው ያቺን መራራ ሻያቸውን ፉት አሉ። ከምሳው ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ጣታቸውን ወጉ። ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። መሣሪያዋን ነቅንቀው እንደገና ወጉ፤ ያው ነው።

“ስኳር ባፌ አልዞረም፤ አንተው ምስክሬ ነህ” አሉ። “ሙሄ፣ ጣቴን ሊቆርጡኝ ነው እኮ። በየት በኩል ነው የሚገባው?”

ወይዘሮ ዘርፌ ኩርፊያቸውን ረስተው ከጓዳ ብቅ ብለዋል።

“ሟቿ ባለቤቴ ይኸው ነበረባት፤ ሐኪሙ ሲመክራት አጠገቧ ነበርኩ” አሉ ሐጂ ረጋ ብለው። “እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም፣ መኮሮኒውም ሆድ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው። ተው ማለት አይደለም፤ ልኩን ያዝ ነው። የትሪውን ግማሽ ለጎመን፣ ለሰላጣ ስጠው። የቀረውን ምስር ወጥና እንጀራ እኩል ይካፈሉት። ነርሷም ይህንኑ ልትነግርህ ነበር፤ አንተ ጥለሃት ወጣህ እንጂ።”

ያ ጣት፣ ገበታው ከተስተካከለና ኪኒናው ሳይጓደል ከተዋጠ በኋላ፣ ቀስ እያለ ጠግጎ ዛሬም ከነጥፍሩ አለ። ያን ዕለት ግን ይህን ማን ያውቃል። ጋሽ ይርዳው አንዴ ባዶውን ትሪ፣ አንዴ ሚስታቸውን እያዩ አንገታቸውን ደፉ።

“ዘርፌ፣ በድዬሻለሁ።”

“እኔን እንደ ሌባ ስትፈትሽ ከርመህ” አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፤ እንባቸው መጣ፣ ሳቃቸውም መጣ። “ሐጂ፣ አሁን ሰው ምን ነካው ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበል?”

ሐጂ ሙሄ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ ትሪውን አዩና እንዲህ አሏቸው፦ “‘ሻዩ መራራ፣ ገበታው ተራራ’ በያቸው።”