ባለወፍጮው ሐምዲ ለፓሻው የመሰከረው

አንድ ቀን የቱርክ ሱልጣን ጦርና የፋርስ ሻህ ጦር ድንበራቸው ላይ ተጋጠሙ። ቦታው ሐምዲ የሚባል ሽማግሌ የውሃ ወፍጮ ካቆመበት ወንዝ አጠገብ ነበር። ሐምዲ ከወፍጮው ጣሪያ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሁሉንም አየ። የሚታይም ብዙ አልነበረም። ገና ከመጀመሩ የቱርክ ጦር አዛዥ የነበረው ፓሻ ፈረሱን አዙሮ ሲፈተለክ፣ ሠራዊቱ እሱን ተከትሎ፣ ፋርሶቹ ደግሞ ሠራዊቱን ተከትለው ከኮረብታው ጀርባ ጠፉ።

ሲመሽ ሰማዩ ከበደ። ፋርሶቹ ወንዙ ሞልቶ ሳያስቀረን ብለው ወደ አገራቸው ተሻገሩ። በሦስተኛው ቀን ፓሻው ተመለሰና ሰው በሌለበት ሜዳ ድንኳኑን ተክሎ፣ «ድል አድርጌአለሁ» የሚል ደብዳቤ ያጽፍ ጀመር። ሱልጣኑ ግን ሰውየውን ያውቁታል፤ ያለ ምስክር የሱን ወሬ አልሰማም ካሉ ቆይተዋል። ስለዚህ ሐምዲ ተጠራ።

«ውጊያውን አይተሃል አሉ» አለው ፓሻው።

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የማን ጦር እንደሚበልጥ በቁርዓን ምለህ ተናገር። ጸሐፊዬ ይጽፈዋል። ደስ የማይል ነገር ከአፍህ ከወጣ ግን ወፍጮህን ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ።»

ሐምዲ እጁን ቁርዓኑ ላይ አሳረፈ። ስልሳ ዓመት ሲኖር በሐሰት ምሎ አያውቅም፤ አሁን ጀምሮ አላህ ፊት መቅረብ አልፈለገም። ወፍጮው ደግሞ የልጆቹና የልጅ ልጆቹ እንጀራ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቃል። እሱም ያን ቀን ጫማቸውን ጥለው ከሮጡት አንዱ ስለነበር፣ ሽማግሌው ምን እንደሚል ለመስማት ቸኩሏል።

«ምነው፣ ምላስህ ታሰረ?» አለ ፓሻው።

«ኧረ የለም፣ ጌታዬ። እንዲያው ቃሉን እየመረጥኩ ነው» አለ ሐምዲ። ከዚያም ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ፤ «የሻህ ፈረሰኞች እንግዲህ በዓለም የታወቁ ናቸው። ያን ቀንም ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አውጥተው ሞከሩ። በአላህ እምላለሁ፣ የቱርክ ጦር ላይ ሊደርሱበት አልቻሉም። ፓሻችን ራሳቸውማ፣ እንኳን ጠላት፣ የገዛ ወታደሮቻቸውም አይደርሱባቸውም።»

ፓሻው ጢሙን እያሻሸ፣ «ምስክር እንዲህ ነው። አንዲት ቃል ሳታጎድል ጻፈው» አለ።

ጸሐፊው አቀርቅሮ ጻፈ። ሲጨርስም ቀና ሳይል፣ «ጌታዬ፣ ከፈቀዱልኝ እኔም ልፈርምበት፤ ያን ቀን ከኋላዎ ነበርኩ» አለ።